ሶላር ሲያረጅ ኤሌክትሮኑ አልቆ ነው?

ባለ ካቻቢቴው፦

ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ዲሽ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሶላር እሠራለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ስለዚህ ጥያቄዬ ቢያስቃችሁ በልኩ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ አባት ከኛ ወዲያ ካለው ገጠር ባለ 100 ዋት ፓነላቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልለውታል። ስድስት ዓመት ሠርቷል። አሁን ግን ሁለት አምፖል እንኳ ለአንድ ሰዓት አያበራም። መጀመሪያ የወሰዱት አንድ ሶላር ሻጭ ጋ ነበር። ሰውዬው አገላብጦ አየና "አባባ፣ የዚህ ኤሌክትሮኑ አልቋል፤ አዲስ ይግዙ" አላቸው። እሳቸው ደግሞ እኔን ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ልጄ፣ ኤሌክትሮኑን ብቻ አታስሞላልኝም?" እንደ ጋዝ ሲሊንደር መሆኑ ነው።

ሳቄን ዋጥኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን መልሱን እኔም አላውቀውም። ፓነሉን ፀሐይ ላይ አውጥቼ በቴስተር ስለካው 20 ቮልት ያሳያል። ሲያዩት ጤነኛ ነው። የመኪና አምፖል ስሰካበት ግን ቮልቱ ዝቅ ይላል፣ አምፖሉም እንደ ፍም ቀላ ብሎ ይቀራል።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ብርሃኑ ፓነሉ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ራሱ ብርሃኑ ነው ኤሌክትሮን ሆኖ በሽቦ የሚወጣው? ወይስ ኤሌክትሮኑ ድሮውኑ ፓነሉ ውስጥ ነበር? ከነበረ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲወጣ ከርሞ እንዴት አያልቅም? ደግሞ የብርሃኑ ፎቶንም ቅንጣት ነው፣ ኤሌክትሮንም ቅንጣት ነው ይባላል። ታዲያ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

ፓነሉን ሱቄ ትተውት ሄደዋል። ረቡዕ ይመጣሉ። አንድ ነገር ልበላቸው።

ጨለማ ፈሪ፦

እኛ ኮዬ ፈጬ ኤሌክትሮን ካለቀብን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን ነው። የሚሞላበት ካገኘህ ለኛም ጀሪካን ይዘን እንሰለፍ።

መምህርት ከሱሉልታ፦

ወንድሜ ባለ ካቻቢቴው፣ ጥያቄህ ምኑም አያስቅም። ከሃያ ዓመት በላይ ፊዚክስ አስተምሬአለሁ። "ታዲያ ለምን አያልቅም?" ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ቀመሩን ሸምድዶ ያልፋል።

ብርሃኑ ወደ ኤሌክትሮን አይቀየርም። ኤሌክትሮኑ ድሮም እዚያው ፓነሉ የተሠራበት ሲሊከን ውስጥ ነበር። ፎቶኑ ይመጣል፣ ጉልበቱን ለኤሌክትሮኑ ያስረክባል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ተደበቀ ወይም ተጠራቀመ ማለቴ አይደለም። ጠፋ። ኤሌክትሮኑ ግን አለ። በአንዱ ሽቦ ይወጣል፣ አምፖሉን ያበራል፣ በሌላው ሽቦ ተመልሶ ይገባል። ፓነሉ ሁለት ሽቦ ያለው ለዚህ ነው። የወጣው ሁሉ ስለሚመለስ የሚጎድል ነገር የለም።

ከሰፈራችሁ እስከ አስፋልቱ የሚመላለሱትን ባጃጆች አስባቸው። ቀኑን ሙሉ ይዞራሉ፣ ማታ ብትቆጥራቸው ቁጥራቸው ያው ነው። የሚያልቀው ቤንዚኑ ነው። ኤሌክትሮን ባጃጁ ነው፣ ፎቶን ቤንዚኑ። ፀሐይ ደግሞ ቤንዚኑን በየሰከንዱ ትልካለች።

ወደ ልዩነታቸው ልምጣ። አንተ ጥገና ቤት ስላለህ በምታውቀው ዕቃ ልንገርህ። የድሮው ባለ ሆድ ቴሌቪዥን ስክሪን ላይ ማግኔት አስጠግተህ ታውቃለህ? ምስሉ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይዘበራረቃል። ከኋላ ወደ ስክሪኑ የሚተኮሱት ኤሌክትሮኖች ስለሆኑ ነው። ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ ማግኔት መንገዱን ያስቀይረዋል። እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን በ1897 በፈረንጆቹ ኤሌክትሮንን ያገኘው የዚያ ቴሌቪዥን ቅድመ አያት በሆነ የመስታወት ቱቦ ነው። አሁን ያንኑ ማግኔት የባትሪ መብራት ጨረር አጠገብ ያዘው። ጨረሩ ንቅንቅ አይልም። ፎቶን ቻርጅ የለውም።

መጠነ ቁስም የለውም። ኤሌክትሮን ቀላል ቢሆንም አለው፤ ከሃይድሮጅን አቶም 1,800 ጊዜ ገደማ ያንሳል። ፎቶን ግን ምንም የለውም፣ ስለዚህም ቆሞ አያውቅም። ባዶ ቦታ ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ነው። ከፀሐይ ተነስቶ ያ ፓነል ላይ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ኤሌክትሮኑ ደግሞ በሽቦህ ውስጥ ሲጓዝ ከቀንድ አውጣ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሄድም። ማብሪያውን ስትጫን መብራቱ ወዲያው የሚበራው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድሮውኑ በኤሌክትሮን የተሞላ ስለሆነ ነው። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሁሉም ይንቀሳቀሳል።

ሌላ ልዩነት አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ኤሌክትሮን ትርፍ አይጭንም። አቶም ውስጥ ወንበሩ ተቆጥሮ ነው የተሰጠው። አንዱ የያዘውን ቦታ ሌላው አይደርብም። ፎቶን ግን የፈለገውን ያህል አንድ ቦታ ይታጨቃል። ሌዘር ማለት እንደዚያ ነው፣ እልፍ ፎቶን አንድ ዓይነት ሆኖ ተደራርቦ ሲወጣ። ማታ አስፋልት ላይ የሁለት መኪና መብራት ሲተላለፍም ጨረርና ጨረር ተጋጭቶ አያውቅም። ሁለት ኤሌክትሮኖች ቢሆኑ ገና ሳይቀራረቡ ይገፋፉ ነበር።

አሁን አገናኛቸው። ሲሊከን ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ካለበት ተላቆ በነፃነት ለመሄድ አንድ ቦይ መዝለል አለበት። የቦዩ ስፋት 1.1 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ነው፤ ኤሌክትሮንቮልት ማለት እንዲህ ላለ ትንሽ ነገር የምንጠቀምበት የጉልበት መለኪያ ነው። ፎቶኑ ይዞት የሚመጣው ጉልበት በቀለሙ ይወሰናል። ቀይ 1.9 ገደማ አለው፣ ሰማያዊ 2.7 ገደማ። ሁለቱም ያዘልላሉ። የተረፈው ሙቀት ይሆናል፣ ፓነሉ ቀትር ላይ የሚግለው በከፊል ለዚያ ነው። ከ1.1 በታች የሆነ ፎቶን ግን ኤሌክትሮኑን አያሻግረውም። ቢበዛም አይጠቅምም። ክረምት ላይ መንገድ ዳር የሚቆፈረውን ቦይ ዘለህ ታውቅ የለ? ሁለት ግማሽ ዝላይ አንድ ዝላይ አይሆንም። መሀል ላይ ነው የምትወድቀው።

ሰዉን መጀመሪያ ግራ ያጋባው ይሄ ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄርትዝ በ1887፣ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ብርሃን ብረት ላይ ሲያርፍ በሁለት ብረቶች መሀል የሚዘለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንደሚጠነክር አየ። ሌናርድ የሚባል ሌላ የፊዚክስ ሊቅ በ1902 ለካ፤ ብርሃኑን ሲያደምቀው የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ፈጣን አይሆኑም። ብርሃን ሞገድ ብቻ ከሆነ ይሄ አይገባም። አንስታይን በ1905 ብርሃን ጉልበቱን በቁርጥራጭ ነው የሚያስረክበው አለ። አንዱ ቁራጭ ለአንዱ ኤሌክትሮን። ሚሊካን የሚባል አሜሪካዊ አላመነም። ዓመታት ፈጅቶ ስህተቱን ሊያሳይ ቢለፋ፣ የራሱ ልኬት በ1916 ለአንስታይን መሰከረ። አንስታይን የ1921ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚህ ነው እንጂ ብዙ ሰው እንደሚመስለው በሪላቲቪቲ አይደለም።

ሻጩን ባገኘው ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ አስገባው ነበር።

በያጁ (ቡራዩ)፦

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልን። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ። አሥራ አንድ ዓመት በብየዳ ነው የኖርኩት። ማስክ ሳላደርግ ትንሽ ከነካካሁ ቀን ምንም አይለኝም፣ ሌሊት ላይ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል። ወጣት ሆኜ አለማማጁ "ኤሌክትሮን ገብቶብህ ነው፣ ወተት ጠጣ" ይለኝ ነበር። ዓይን ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሮኑ ነው ፎቶኑ?

መምህርት ከሱሉልታ፦

ፎቶኑ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከኤሌክትሮዱ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ኤሌክትሮዱ ይመላለሳሉ እንጂ ካንተ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ባለ 50 ኸርዝ ማሽን ከሆነ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራሉ። ነገር ግን እዚያ ጋ አየሩ በጣም ይግላል፣ ኤሌክትሮኖች ከአቶም ይላቀቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ተመልሰው ይወድቃሉ። ሲወድቁ ፎቶን ይተፋሉ። ከሚተፉት መሀል ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት አለ። አንዱ ፎቶን ብቻውን የዓይንህን የላይኛ ሽፋን ሞለኪውል ለመጉዳት የሚበቃ ጉልበት ይዟል። ቀይ ብርሃን የፈለገ ቢበዛ ይሄን አያደርግም። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣውም ሴሎቹ ቀስ ብለው ስለሚሞቱ ነው።

ወተቱን ጠጣ፣ አይጎዳህም። ማስኩን ግን አድርግ። በር ላይ ቆመው የሚያዩ የሰፈር ልጆችንም አባር።

ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም፦

አስትሮኖሚ እያጠናሁ ነው። አዎ፣ ስሜን ያወጣልኝ "ኮከቤን ንገረኝ" የሚለኝ ዘመድ ብዛት ነው።

በመምህርት ላይ ትንሽ ልጨምር። "ብርሃን ወደ ኤሌክትሮን አይቀየርም" የሚለው ለፓነል ልክ ነው። በሌላ ቦታ ግን ይቀየራል። በጣም ጉልበተኛ የሆነ ጋማ ፎቶን በአቶም አስኳል አጠገብ ሲያልፍ ይጠፋና በምትኩ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ፖዚትሮን ይወለዳሉ። ፖዚትሮን ማለት የኤሌክትሮን መንትያ ነው፣ ቻርጁ ብቻ ፖዘቲቭ የሆነ። ካርል አንደርሰን በ1932 ነው ያገኘው። ለዚህ ቢያንስ 1.022 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ያስፈልጋል። የፀሐይ ብርሃን የሚያመጣልን ሁለት፣ ሦስት ነው። ስለዚህ ጣራችሁ ላይ አይሆንም፣ አትፍሩ።

ሁልጊዜ ደግሞ ፎቶኑ ሙሉ በሙሉ አይዋጥም። ኤክስሬይ ኤሌክትሮን ላይ ሲነጥር ጉልበቱን ቆርሶ ይሰጠውና ደክሞ በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኮምፕተን በ1923 ይሄን ሲያሳይ ነው ብዙ ተጠራጣሪ ዝም ያለው። ብርሃን እንደ ብይ ገጭቶ ሲነጥር ታየ።

እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ወጥታችሁ ካያችሁ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ካሜራ ልቡ ሲሊከን ነው፣ ልክ እንደ አባት ፓነል። ፎቶን ይገባል፣ ኤሌክትሮን ቦዩን ይዘላል። ልዩነቱ ኤሌክትሮኑን ወደ አምፖል አይሰዱትም፣ ይቆጥሩታል። እኔ የመጀመሪያ ቀን "ምስሉ የት አለ?" ብዬ ስጠይቅ ያሳዩኝ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበር። የኮከብ ብርሃን ማለት በመጨረሻ የኤሌክትሮን ቆጠራ ሆኖ አረፈው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ለመድኩት።

ሽቦ ዘርጊ (ሰበታ)፦

ትምህርቱ ጥሩ ነው፣ ግን የአባት ፓነል አሁንም አልተሠራም። ባጃጅም ያረጃል ለማለት ነው። ኤሌክትሮን አያረጅም እሺ፤ ፓነል ግን ያረጃል። ላስቲኩ ይቢጫል፣ ሴሉ ይሰነጠቃል፣ በዓመት ግማሽ ፐርሰንት አካባቢ ይቀንሳል። በስድስት ዓመት ሦስት ፐርሰንት በሉት። አምፖል አያጠፋም።

ወንድሜ፣ ቮልት እያለ አምፒር ከሌለ መንገዱ ላይ የጠበበ ቦታ አለ ማለት ነው። ቴስተር ምንም አይስብም፣ ስለዚህ ቮልቱን ሙሉ ያሳይሃል። አምፖሉ ሲስብ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሴሉን አትጠርጥር። ከፓነሉ ጀርባ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ክፈት። እዚህ አካባቢ ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርድ ዝናብ ገብቶባት አረንጓዴ ዝገት ያላበቀለች አላየሁም። ሳትረሳ ባትሪውንም ለካ። ከመጡልኝ አሥር "ፓነሉ ሞተ" መሀል አብዛኛው ባትሪ ነው።

ባለ ካቻቢቴው፦

ቤተሰብ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽቦ ዘርጊ፣ ሳጥኗን ነገ በቀን እከፍታለሁ። ዛሬ ማታ ግን ሌላ ነገር ስሠራ አመሸሁ።

የመምህርት ቦይ አላስተኛኝም። ኤልኢዲ ማለት የተገለበጠ ሶላር ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ኤሌክትሮን ሲወድቅበት ብርሃን ይወጣል። ታዲያ ብርሃን ብሰጠውስ? ከተበላሸ አሻንጉሊት መኪና አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ኤልኢዲ ነቀልኩ። ሁለቱም ላያቸው እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሱቁን ዘጋሁ። መብራትም የለም፣ ለካ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ሰማያዊዋን በባትሪ አበራሁና ከቀይዋ ጋር አፍ ለአፍ አገጣጠምኳቸው። ቴስተሩን የቀይዋ እግሮች ላይ አደረግኩ። ምንም ባትሪ ያልነካት ቀይዋ ከ1 ቮልት በላይ ሰጠችኝ። ከዚያ ገለበጥኩት። ቀይዋን አብርቼ ሰማያዊዋን ለካሁ። ዜሮ። ቴስተሩ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ። ዜሮ። ሌሎች ሁለት ቀዮች ጨመርኩ። ሦስቱም አፍጥጠውባት ዜሮ! የሰማያዊዋ ቦይ ሰፊ ነው፣ የቀይ ፎቶን አያዘልልም፣ ቢሰበሰቡም አያዘልሉም። ለካ ሁለት ግማሽ ዝላይ ማለት ይሄ ነው።

አሥራ አራት ዓመት ኤልኢዲ ስቀይር ኖሬ ይሄን አለማወቄ አናደደኝ። ሚስቴ ደውላ "የት ነህ?" ስትለኝ "ቦይ እየዘለልኩ" አልኳት። እራት ቀዝቅዞ ነው የጠበቀኝ።

መምህርት ከሱሉልታ፦

ይሄን ሙከራ ለተማሪዎቼ ልወስደው ነው። ፈቅደሃል?

ባለ ካቻቢቴው፦

ውሰጂው እንጂ መምህርት፣ ምን ገዶኝ። ላያቸው የጠራ ኤልኢዲ ይሁን። ፕላስቲኩ ራሱ ቀለም የተነከረ ከሆነ ብርሃኑን ያጣራዋል፣ ያሳስትሻል።

ባለ ካቻቢቴው፦

የረቡዑን ልንገራችሁ። ሽቦ ዘርጊ፣ አፍህ ይባረክ። ሳጥኗን ስከፍት አንዱ ሽቦ የተያያዘበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ሽቦው በሁለት ክር ነው የተንጠለጠለው። ቆርጬ፣ ጠርጌ፣ አዲስ ማያያዣ አደረግኩበት፣ ሳጥኗን በሲሊኮን ደፈንኩ። ፀሐይ ላይ ሳወጣው የመኪናው አምፖል ዓይን የሚያስጨፍን ሆነ። አምፒሩ 5 አለፈ። መስታወቱን ሳጸዳው ደግሞ ትንሽ ጨመረ፤ የጠጠር መኪና አቧራ ሲጠጣ ነው የኖረው።

ጨረስኩና ቁጭ ብዬ አሰላሁ። 5 አምፒር ማለት በየሰከንዱ ከ30 ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ኤሌክትሮን በዚያች በተበላች ሽቦ ማለፍ ነበረበት። በሁለት ክር!

አባት መጡ። የባጃጁን ምሳሌ ነገርኳቸው። ኤሌክትሮን አያልቅም አባባ፣ የወጣው ይመለሳል፣ የሚያልቀው ብርሃኑ ነው፣ እሱንም ፀሐይ በነፃ ትልካለች፣ መንገዱ ተቆርጦ ነው እንጂ አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሙኝ። ደስ አለኝ፣ ገባቸው ብዬ።

"እና ምንም አልጨመርክበትም?" አሉኝ።

"ምንም አባባ።"

"ኤሌክትሮኑ ያው የድሮው ነው?"

"ያው ነው።"

"እንግዲያው የሽቦዋን ብቻ ነው የምከፍልህ" ብለው ጋቢያቸውን ዘርግተው ፓነሉን መጠቅለል ጀመሩ።